ሰሜን ተራሮች ለምታድሩ ልጆች
ከጎንደር ከተፈጥሮ ክበብ ልጆች ጋ ሰሜን ተራሮች ለማደር የምታስቡ ካላችሁ፣ ቀን ፀሐይ ስለሆነ እንዳትሸወዱ። የሳንቃበር ካምፕ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ የጨነቅ ካምፕ ደሞ 3,600 ያልፋል፣ ሌሊት ውሃ በረዶ የሚሰራበት ጊዜ አለ። እኛ ባለፈው አንድ ጋቢ ይበቃል ብለን ሄደን ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ ነጋ 😂 ስለዚህ ማታ ሻይ ሲፈላ ትርፍ ውሃ አፍሉና የብረት ኮዳ ውስጥ ሙሉት (ሃይላንድ አይሆንም፣ ይጨማደዳል)፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ በወፍራም ካልሲ ጠቅልሉትና እግራችሁ ስር አስገቡት፣ ስልካችሁንም ከናንተው ጋ ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ነው የሚሞተው። ጠዋት ውሃውን ትጠጡታላችሁ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ስታዩ ደሞ በናታችሁ ዳቦ እንዳትወረውሩ፣ ምግባቸው ሳር ነው። ዝም ብላችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ጣታቸውን እዩት፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሳሩን ይነጫሉ፣ እፍኝ ሲሞላ ነው ወደ አፋቸው የሚልኩት። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ግን ሰላምታ እንዳይመስላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ።

የመግቢያ ክፍያውና ስካውቱ (አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ ነው የሚያልቀው፣ በጠዋት ድረሱ።