ለጥናት አማካሪ ስንቀጥር የምንሳሳተው የት የት ነው?

ረቂቅ ሪፖርቱን ሳገላብጥ የማላውቀው ወረዳ ስም አየሁ። ፕሮጀክታችን እዚያ ወረዳ ደርሶ አያውቅም። የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ አለፍኩት። ሁለት ገጽ ቆይቶ ያው ስም ተመልሶ መጣ። ያኔ ገባኝ። አማካሪው ለሌላ ድርጅት የሠራውን ጥናት የእኛን ስም ለጥፎበት አምጥቷል። ሁለት ቦታ ላይ መቀየር ረስቷል፣ በቃ።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ንዴቴ ሲበርድ ግን እኛው ያወጣነውን ቢጋር፣ አማካሪው ምን እንዲሠራ እንደምንፈልግ የሚገልጸውን ሰነድ፣ ከፋይል አውጥቼ አነበብኩት። «የማኅበረሰቡን የሕጻናት ጥበቃ ሁኔታና የሴቶችን የሥልጠና ፍላጎት መዳሰስ» ይላል። ይሄ ለየትኛው ወረዳ አይሆንም? ለሁሉም የሚሆን ጥያቄ ጠይቀን ለሁሉም የሚሆን መልስ ገዛን።

ከዚያ ወዲህ በቀጣሪም በተቀጣሪም ወንበር ተቀምጫለሁ። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው አማካሪው ገና ሳይመጣ፣ ቢሮ ውስጥ ነው።

ምን እንደምንወስንበት ሳናውቅ ማዘዝ

ቢጋር፣ በቢሮ አፍ ቲኦአር፣ ብዙ ጊዜ ከድሮ ፋይል ኮፒ ተደርጎ ነው የሚወጣው። ስምና ቀን ይቀየራል። (አማካሪው ያደረገውም ይህንኑ አልነበር?) ከዚያ በፊት ባዶ ወረቀት ይዞ አንድ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ሪፖርቱ ሲመጣ ምን እንወስንበታለን? ከሰባቱ ቀበሌዎች የትኞቹን ሦስት እንያዝ? ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ክበብ ይሁን ወይስ ለቀበሌው የሕጻናት ጥበቃ ኮሚቴ? ስልሳውን ሴት አንድ ሙያ እናሠልጥን ወይስ በየፊናቸው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሌላችሁ ጥናቱ ይቅርባችሁ።

አንዳንዴ እኮ ውሳኔው አልቋል። ለጋሹ ባጸደቀው በጀት ላይ «የስፌት መኪና» የሚል መስመር ተቀምጧል። መኪናው መጋዘን ከገባ በኋላ ሴቶቹን ሰብስቦ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ማለት ማድከም ነው። በጀት ሊዘጋ ሲል ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ የሚታዘዘውም ከዚህ አይሻልም።

ልጆቹን ለአንድ አማካሪ፣ እናቶቹን ለሌላ መስጠት

ቢሮ ውስጥ የሕጻናት ጥበቃ ባለሙያ አለች፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያም አለች። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በጀት አላቸው። ስለዚህ ሁለት ጨረታ ይወጣል፣ ሁለት አማካሪ ይቀጠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀበሌ ገብተው እነዚያኑ ሴቶች ሁለት ጊዜ ሰብስበው ያስቀምጧቸዋል። የገንዘቡ ብክነት ቀላሉ ነው።

አንድ ጊዜ የሴቶች የቡድን ውይይት አልቆ፣ መረጃ ሰብሳቢዋ ደብተሯን ዘግታ እስክሪብቶዋን ስትከድን፣ ጥግ ላይ ዝም ብለው የቆዩ አንዲት እናት ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሥልጠናው ስንት ቀን ነው፣ ልጄ?»

«አሥራ አምስት ቀን ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲህ ትልቋ ልትቀር ነዋ» አሉና ሄዱ።

ትልቋ አምስተኛ ክፍል ናት። እናቷ ሥልጠና ሲውሉ ታናናሾቿን የምትይዘው፣ ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። አሥራ አምስት ቀን ከትምህርት ቤት ልትቀር ነው ማለት ነው። የሴቶቹ ጥናት «የሥልጠና ፍላጎት ከፍተኛ ነው» ብሎ ጻፈ። የሕጻናቱ ጥናት ደግሞ «ሴት ተማሪዎች በብዛት ይቀራሉ» አለ። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊያባብስ እንደሚችል ግን የትኛውም ሪፖርት ላይ አልተጻፈም። ሁለቱ አማካሪዎች ተያይተው አያውቁማ! የእናትየውን ንግግርም ማንም አልመዘገበው፤ ደብተሩ ተዘግቶ ነበር።

ከተቻለ አንድ ቡድን ቅጠሩ። ካልተቻለ ሁለቱ አማካሪዎች መስክ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፣ የመጠይቆቻቸውን ረቂቅ ይለዋወጡ። ቢጋሩ ላይም ይህ ጥያቄ በግልጽ ይስፈር፦ እናት ሥልጠና ስትውል ቤቱን ማን ይይዛል? መልሱ በጀታችሁን ይቀይረዋል። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ይሆናል፣ ወይም ሥልጠናው ቦታ ላይ የልጆች ማቆያ ይጨመራል፣ ወይም ሥልጠናው ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌው ይወርዳል።

«ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ?»

መልሱን እኔ አሁን ልንገራችሁ፦ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ ዶሮ እርባታ፣ ማድለብ። ካለፈው ድርጅት የሰሙት እሱን ነው። ሥልጠና አበል እንዳለውም ያውቃሉ፤ ማን እምቢ ይላል?

ይልቅ ስላለፈው የገበያ ቀን ጠይቁ። ምን ይዘሽ ወጣሽ? በስንት ሸጥሽ? ገንዘቡን ማን ያዘው? ዕቁብ ትጥያለሽ? ባለፈው ዙር የሠለጠነችውን ሴት ፈልጉና የስፌት መኪናው አሁን የት እንዳለ ጠይቋት። አማካሪው ራሱ ገበያ ወጥቶ ስንት ልብስ ሰፊ ሥራ እየጠበቀ እንደተቀመጠ ይቁጠር። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገብ ተቀምጦ «ያለዕድሜ ጋብቻ አለ?» ማለት

«የለም፣ ቀርቷል» ነው የምትባሉት። ምን ይበሉ? በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከሕጻን ጋር ጋብቻ መፈጸም ያስቀጣል። ሰውን በአደባባይ ወንጀሉን እንዲናዘዝ እየጠየቃችሁት ነው። እንደ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው እንዳገቡ አሳይቷል። የጥናታችሁ ውጤት «የለም» ከሆነ፣ ቀርቶ ነው ወይስ አጠያየቃችሁ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

የዕድሜም ጣጣ አለ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች የገጠር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ካርድ የላትም። «18 ሞልቷታል» ከተባለ ሞልቷታል ነው። ነገሩ የገባው አማካሪ ዕድሜዋን በቀጥታ አይጠይቅም። ስንተኛ ክፍል ናት፣ ታላቋ መቼ ተወለደ፣ እሷ ስትወለድ በቀበሌው ምን እየተሠራ ነበር እያለ ነው የሚደርስበት። ፕሮፖዛሉ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር ከሌለ ጠይቁት።

ደግሞ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ልጃገረዶቹም ለብቻ ይቀመጡ። ሊቀመንበሩን በክብር አስፈቅዱ፣ ቡና ጋብዙ፣ ከዚያ በሩን ዝጉ።

ልጆችን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ማየት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መረጃ ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ቀን ኦሬንቴሽን ወስዶ የወጣ ወጣት ነው። ታብሌት ይዟል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ፊቱ ቁጭ ብላ ቤት ውስጥ የሚደርስባትን ብትነግረውስ? ታብሌቱ «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ ነው ያለው። ይጫነዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለእንዲህ ያለው ቀን ማን ጋ እንደሚደወል ይታወቅ። የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማን ይቀበላል? ፖሊስ ጣቢያው ሴቶችንና ሕጻናትን የሚያስተናግድ ባለሙያ አለው? ቅርብ ያለው ጤና ተቋም የቱ ነው? ስምና ስልክ በአንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ ኪስ ይግባ። በውሉ ላይ አማካሪውና የሚያሰማራቸው ሰዎች በሙሉ የሕጻናት ደኅንነት መመሪያችሁን አንብበው ይፈርሙ። መሪው ብቻ ሳይሆን ሾፌሩም ይፈርም። ልጆቹ ጋ የሚውለው እሱ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የደረሰበትን ጥቃት ከልጅ አፍ መስማት ሁልጊዜ አያስፈልግም። መምህሯ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የዕድር ዳኛው ብዙ ያውቃሉ። ከልጆቹ መስማት የሚያስፈልገው ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ውኃ መቅጃ፣ የቱ ቦታ እንደሚያስፈራቸው ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርግታችሁ ቀበሌያቸውን እንዲስሉ ብትጠይቋቸው መጠይቁ የማያወጣውን ታያላችሁ።

የመጠይቁ ፋይልስ ኋላ የት ይሄዳል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጆች ስም ያለበት ኤክሴል በአማካሪው የግል ላፕቶፕ ላይ ተረስቶ እንዳይቀር መቼ እንደሚጠፋ ውሉ ይናገር።

ወቅቱን አለማየት

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ስለ ተማሪ መቅረት ማንን ትጠይቃላችሁ? መንገዱም ጭቃ ነው። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ሰው ማሳ ላይ ነው። በገበያ ቀን ሴት ቤት አትገኝም። ኦርቶዶክሱ በሚበዛበት ገጠር በ12፣ በ21፣ በ29 እርሻ ስለማይወጣ ሰው ይገኛል፤ ግን ማኅበርም አለ። ሙስሊሙ በሚበዛበት ዓርብ ቀትር ላይ አትቅጠሩ። አማካሪው «በ10 ቀን እጨርሳለሁ» ካለ ከ10ሩ ውስጥ የገበያ ቀን ስንቱ እንደሆነ ጠይቁትና መልሱን ስሙ።

ሲቪውን ቀጥሮ ሰውየውን አለማየት

ፕሮፖዛሉ ላይ ሦስት ዶክተር አለ። መስክ ላይ የሚመጣው ባለፈው ዓመት የተመረቀ ልጅ ነው። ውሉ ላይ ማን ስንት ቀን መስክ እንደሚውል በስም ይጻፍ፤ ሰው ከተቀየረ በእናንተ ፈቃድ ይሁን። ከአሸናፊው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ዋናውን አጥኚ ለግማሽ ሰዓት አናግሩት። ፕሮፖዛሉን ራሱ ጽፎት እንደሆነ በአሥር ደቂቃ ይታወቃል።

ቋንቋም እዚሁ ይገባል። አፋን ኦሮሞ ወይም አፋርኛ በሚነገርበት ቀበሌ ከአዲስ አበባ ሄዶ በአስተርጓሚ መሥራት አይሆንም። በተለይ አስተርጓሚው የቀበሌው ሠራተኛ ከሆነ ቅድም በሩን የዘጋችሁበት ሰው በመስኮት ገባ ማለት ነው።

ዋጋን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ተጫራቾችን ስታወዳድሩ ለቴክኒኩ (ለሥራ ዕቅዱና ለባለሙያዎቹ) 70፣ ለዋጋው 30 ነጥብ መስጠት የተለመደ ነው፣ ጥሩም ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምራል አይጨምርም የሚለውን ግን ቀድማችሁ ጻፉ። ለ15 በመቶ ብሎ የሚኮራረፍ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሪፖርቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት

የመጨረሻው ክፍያ ሪፖርቱ እንደደረሰ አይለቀቅ። 120 ገጽ እንግሊዝኛ ለለጋሹ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ፣ መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ተነቦ፣ ያኔ ይከፈል። ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ የሚደረገውን ወርክሾፕ አይደለም የምለው። ያንንም አድርጉት፣ ግን ሴቶቹ እዚያ የሉም።

አንዴ እንዲህ አደረግን። የዕድር ስብሰባ ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ለምነን ግኝቱን ጮክ ብለን አነበብን። «ሴቶቹ በቅድሚያ የጠየቁት የንግድ ክህሎት ሥልጠና ነው» የሚለው ላይ ስንደርስ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች።

«እኛ እንዲህ አላልንም።»

አማካሪው ተከራከረ። የመስክ ማስታወሻው ይምጣ ተባለ። በእርሳስ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጊዜ ካለን ንግዱን እናውቅበታለን።»