የማይክ ማጉያዬ ድምፅ ለምን ይሻክር ነበር

ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎላው ባለ ሦስት እግር ክፍል)፣ አንዲት ማይክ። ድምፁ ግን ሻካራና የተቆራረጠ። ሽቦ ከመነቃቀል በፊት መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ይቅደም። የትራንዚስተሩ መውጫ እግር፣ ኮሌክተሩ ላይ 0.1 ቮልት ብቻ አገኘሁ። እዚያ 4 ወይም 5 መኖር ነበረበት። ትራንዚስተሩ አልተቃጠለም፤ እስከ ጥግ ተከፍቶ ቀርቷል እንጂ።

ጣጣው ከሠራሁበት ዲያግራም ነው። ቤዙን (ትራንዚስተሩን የሚቆጣጠረውን እግር) በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር (ከረንት ገዳቢ) ብቻ ይመግበዋል። ሂሳቡ የሚሰራው የትራንዚስተሩ የማጉላት አቅም 100 አካባቢ ሲሆን ነው። የኔው ትራንዚስተር፣ ቢሲ 547ሲ ደግሞ ከ420 እስከ 800 ይደርሳል! እንዲህ ያለ ሰርኪዩት በዕድል ነው የሚሰራው።

ሬዚስተሩን አውጥቼ ከፕላስ ወደ ቤዝ 47 ኪሎ ኦም፣ ከቤዝ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ አደረግኩ። ኤሚተሩ (ሦስተኛው እግር) ስር 1 ኪሎ ገባ። የኮሌክተሩን 4.7 ኪሎ አልነካሁትም። አሁን ቤዝ 1.55፣ ኤሚተር 0.9፣ ኮሌክተር 4.7 ቮልት ገደማ።

ድምፁ ጠራ፤ ግን ደከመ። የሚያጎላው 5 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከ1 ኪሎዋ ጎን ለጎን ካፓሲተር (ለድምፅ ሲግናሉ ማለፊያ) ጨመርኩ፣ ፕላሱ ወደ ኤሚተር። 10 ማይክሮፋራድ ወፍራሙን ድምፅ በላው። በ100 ስቀይረው ልክ መጣ።