ሳህኑ ሳይነሳ ንገሩን፦ ውጭ ስንበላና ስንጠጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በብርጭቆ አጣቢነት ጀመርኩ፣ አስተናጋጅ ሆንኩ፣ አሁን የአስተናጋጆች ኃላፊ ነኝ። ቤታችን ትልቅ አይደለም። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ የሚልበት፣ አንዱ እራቱን ሲበላ ሌላው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ቢራውን የሚጠጣበት ቤት ነው። እንግዳ ተደስቶ ሲወጣ ማየት እወዳለሁ። በዚህ ሥራ የቆየሁትም ለዚያ ነው። ከፍቶት ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ሊስተካከል በሚችል ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ የማውቀውን ስህተት እንደገና ስላየሁ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ምንም ሳይናገሩ ከፍሎ መሄድ

ባልና ሚስት ነበሩ። ትዕዛዙን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷ "ሥጋው በደንብ ይብሰልልኝ" አለች፤ ጻፍኩት። ምግቡ ሲወጣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ስለነበርኩ ሌላ ልጅ አደረሰላቸው። ቆይተው ከፈሉ፣ "እናመሰግናለን" ብለው ወጡ። ሳህኑን ላነሳ ስል ናፕኪን ተደፍቶበታል። ገለጥኩት። ሥጋው ከአንድ ጠርዝ ብቻ ተቆርጧል። መሃሉ ቀይ ነው፤ ፈሳሹ ወርዶ ድንቹን አቅልሞታል። ሴትየዋ አንዴ ቀምሳ፣ ሸፍናው፣ ሳትበላ ሄደች። ሙሉ ሂሳቡን ከፍላ።

ያንን ሥጋ ወደ ምድጃው መልሶ ለማብሰል ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? 5 ደቂቃ። ቢበዛ 7።

ሰው ለምን ዝም ይላል? አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። "ልጅቷን ያስቆጣባታል"፣ "ሰው ያየናል"፣ "ለአንድ ቀን ነው፣ ይለፍ" ይላል። ሌላው ፍርሃት ነው። ምግብ ከተመለሰ ማዕድ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ያደርጉበታል የሚል ወሬ አለ። እኔ በ14 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየሁም። የማየው ሌላ ነው። የተመለሰ ሳህን ሲገባ ሼፉ ራሱ ይቀበለዋል። ቆርጦ ያየዋል፣ ይቀምሰዋል፣ የያዘውን ትዕዛዝ ትቶ እሱን ያስቀድማል።

ዝም ማለት ለአስተናጋጇ ማዘን ይመስላችኋል። እስቲ ቅዳሜ የሆነውን ተመልከቱት። ሼፉ ሥጋው እንዳልበሰለ አላወቀም። ከእሷ በኋላ ያንኑ ምግብ ያዘዙ 3 ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱም እንዴት እንደወጣ እርግጠኛ አይደለሁም። ሴትየዋ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አትናገረውም ማለት አይደለም። ለእህቷ ትነግራታለች። ለሥራ ባልደረቦቿ ትነግራቸዋለች። ያልነገረችው ሥጋውን መልሶ ሊያበስልላት ለሚችለው ሰው ብቻ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ ሂሳብ ሲመጣ "ምግቡ ቀዝቃዛ ነበር" የሚልም አለ። ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው፣ አምንዎታለሁ። ግን አሁን ምን ላሙቅልዎ?

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉርሻዎች በኋላ ተናገሩ። ምን እንደሆነም ለይታችሁ ተናገሩ። "አይጣፍጥም" ስትሉኝ ምኑን እንደማስተካክል አላውቅም። "ጨው በዝቶበታል"፣ "መሃሉ አልሞቀም"፣ "ይሄን አላዘዝኩም" ስትሉኝ ግን ገና ከጠረጴዛው ሳልርቅ የማደርገውን አውቃለሁ። መቆጣት አያስፈልግም። መሸማቀቅም አያስፈልግም።

የእኔም ጥፋት አለበት። ያን ምሽት በአጠገባቸው ሁለቴ አልፌያለሁ። "ሁሉ ሰላም ነው?" ብያለሁ፤ ግን እየሄድኩ፣ 3 ሳህን ተሸክሜ። "ሰላም ነው" አለችኝ። ሌላ ምን ትበል? ቆም ብዬ ሳህኗን አይቼው ቢሆን አንድ ጠርዝ ብቻ እንደተነካ ይገባኝ ነበር። አሁን አዲስ የምትገባውን ልጅ መጀመሪያ የማስተምራት ይህንን ነው። "የኔ ልጅ፣ ቁሚ። ሳህኑን እዪ። ከዚያ ጠይቂ።"

"ያመኛል" ማለት ሲገባ "አልወድም" ማለት

ይሄኛው ሰው ይገድላል። እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ "ለውዝ አልወድም" አለ። አስተናጋጁ ከላይ የሚነሰነሰውን ለውዝ አስቀረለት። ስጎው ውስጥ የተፈጨ ለውዝ ነበር። ያንን ማንም አልነገረውም፤ ምክንያቱም እንግዳ "አልወድም" ሲል እኛ የምንሰማው "አይታየኝ፣ አይሰማኝ" የሚለውን ነው። 10 ደቂቃ አልሞላም። ከንፈሩ አበጠ። አንገቱን ማከክ ጀመረ። ድምፁ ሻከረ። ደግነቱ የአድሬናሊን መርፌው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጓደኛው አውጥቶ ጭኑ ላይ ወጋውና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ተርፏል፣ አሁንም ይመጣል። ያ የሻከረ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

"አለርጂ አለብኝ" ስትሉ ማዕድ ቤቱ የሚሠራው ሥራ ይለወጣል። መክተፊያው ይታጠባል፣ ቢላዋው ይቀየራል፣ ንጹህ መጥበሻ ይወጣል። ዘይቱም ይታሰባል። ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች ሽሪምፕ ለማይስማማው ሰው አደገኛ ነው፤ ማየት ግን አይቻልም። ለውዝ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ ብዙ ጊዜ ስጎና ሊጥ ውስጥ ተደብቀው ይገባሉ። ሜኑ ላይ ስላልተጻፈ የለም አትበሉ። አስተናጋጁ "አይመስለኝም" ካላችሁም አትቀበሉት፤ ገብቶ ሼፉን ይጠይቅላችሁ። እኔ ብሆን የምትፈልጉትን ያህል ደጋግሜ ብመላለስ ይሻለኛል።

ሽንኩርት ስለማትወዱ ብቻ ግን "አለርጂ ነኝ" አትበሉ። ያን ሁሉ እጥበት ለማያስፈልገው ሰው እያደረግን ከቆየን፣ አንድ ቀን ለሚያስፈልገው ሰው እንሰንፋለን።

ስለ መጠጥ

ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ምሳ ሳይበላ፣ ሁለት ቢራ ጨርሶ ከዚያ ሜኑ የሚጠይቅ ሰው አውቃለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ። አልኮል በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ መጠጡ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ወደ አንጀት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ግን ቶሎ ያልፋል፣ ቶሎም ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀመስ ነገር እዘዙ፤ መጠጡ ይከተል። አንዴ ሞቅ ካላችሁ በኋላ የሚበላ ምግብ ደም ውስጥ የገባውን አይመልሰውም።

"ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚለው ደግሞ ሌላው ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 13 ግራም የሚጠጋ አልኮል አለው። 40 በመቶ የሆነ ውስኪ 40 ሚሊ ሊትሩ ያው 13 ግራም ገደማ ነው። 12 በመቶ የሆነ ወይን 150 ሚሊ ሊትሩ 14 ግራም ይደርሳል። የሚለየው ብርጭቆው ነው። በየመሃሉ ውኃ ጠይቁ፤ እንደ ሥራ ሳይሆን በደስታ ነው የምናመጣላችሁ።

እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት እየወሰዳችሁ አትጠጡ። ሁለቱ ተደምረው ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ከጓደኞቻችሁ አንዱ ከልክ በላይ ሰክሮ ከተኛ "ይተኛ፣ ይለቀዋል" ብላችሁ አትተዉት። በጀርባው ተኝቶ ካስታወከ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከተቆራረጠ አምቡላንስ ጥሩ። ሰው እንዳያየው ብላችሁ መኪና ውስጥ ብቻውን አስተኝታችሁት አትመለሱ። ይህንን ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

የድራፍት አረፋን "ሞልታችሁ አልቀዳችሁልንም" ብለው የሚቆጡ አሉ። ሁለት ጣት ያህል አረፋ መኖር አለበት፤ የቢራው መዓዛ የሚወጣው በእሱ ነው። ልትመልሱት የሚገባው ሌላ ነው። ቢራው ተቀድቶ የብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም። ቅባት ወይም የሳሙና ትራፊ አለበት። ብርጭቆ አጣቢ ስለነበርኩ ይሄ አያመልጠኝም። እናንተም በብርሃን ያዙና እዩት።

ትንንሾቹ

አታፏጩ፣ ጣት አታንቋቁ። እጅ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ሂሳብ ተለያይታችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ንገሩን። 9 ሰው ለ3 ሰዓት ያዘዘውን ሌሊት ላይ "ይሄ የእኔ፣ ያ የእሱ" እያሉ መለየት ለእኛም ለእናንተም ስቃይ ነው። ጸብ ሲነሳም ያየሁት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡን አንብቡት። ማንበብ ስድብ አይደለም። ካሸር ይሳሳታል፤ የሌላ ጠረጴዛ መጠጥ እናንተ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። እኔም ስመዘግብ ተሳስቻለሁ፤ ያረመችኝ እንግዳ ናት።

ምግብ አንድ ላይ መብላት ከፈለጋችሁ አንድ ላይ እዘዙ። ማዕድ ቤት የሚሠራው በትዕዛዝ ወረቀቱ ተራ ነው። አንዱ ቀድሞ አዝዞ ሌላው ከሩብ ሰዓት በኋላ ካዘዘ፣ በመሃል የ4 ጠረጴዛ ወረቀት ይገባል። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ያያል።

ማዕድ ቤቱ ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከደረሳችሁ ግቡ፣ አንከፋም። ሜኑውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን "ምን ይደርስልናል?" በሉ። በዚያ ሰዓት ግማሹ ምድጃ ጠፍቶ እየታጠበ ነው።

የተረፈውን ይዛችሁ መሄድ ነውር አይደለም፤ ከፍላችሁበታል። ችግሩ አስቋጥሮ ይዞ ወጥቶ ሌላ ቤት ለመጠጥ መቀመጥ ነው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተህዋሲያን በፍጥነት ይራቡበታል። ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ ከቆየ ጣሉት። በተለይ ሩዝ። ሩዝ ላይ የሚያድገው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።

ቡና ጠጥቶ መንዳት

ቋሚ እንግዳችን ነው። ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ፣ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የእሱ ናት። አንድ ምሽት በ3 ሰዓት ውስጥ 5 ቢራ ጠጣ። ሲጨርስ ድርብ ቡና አዘዘና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እሷን ጠጥቼ እነሳለሁ" አለኝ።

አምስቱ ቢራ 65 ግራም አልኮል ነው። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 30 ግራም ወጥቶለታል። የቀረው 35 ግራም ለመውጣት ቢያንስ ሌላ 3 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ቡና ዓይን ይከፍታል እንጂ ይህንን ሥራ አያፋጥነውም። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ መርጨትም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ቡናው የሚያደርገው መጥፎ ነገር አለ። የሰከረው ሰው የነቃ ስለሚመስለው መንዳት የሚችል ይመስለዋል። ብዙ አገሮች ለአሽከርካሪ የሚፈቅዱት በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ ጭራሽ ዜሮ ያደረጉም አሉ።

ይህን ሁሉ ቁጥር ያን ሌሊት አልዘረዘርኩለትም። አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ወንድሜ፣ ቁልፉን እኔ ጋ ተወው፤ ታክሲ ልጥራልህ" አልኩት። ተናደደ። "እዚህ ሰፈር ነው ቤቴ፣ ሁለት ደቂቃ ነው" አለ። "ሁለት ደቂቃ ከሆነ ታክሲውም ቶሎ ያደርስሃል" አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ገፋ አደረገልኝ። ቡናውን ሳይጠጣ ተነሳ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በእግሩ መጣ። ቁልፉን ሰጠሁት። ቁርስ አዘዘ።