በቤት ውሎ መካከል እምነትን ለልጆች ማካፈል

ዘዳግም 6፥6–7 ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው የሚነግሩባቸውን ጊዜያት ይጠቅሳል፦ ቤት ሲቀመጡ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙ፣ ሲነሡ። አራቱም በየትኛውም ቤት በየቀኑ ያሉ ናቸው፤ አንዱም የተለየ ዝግጅት አይጠይቅም። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ በወላጁ ልብ እንዲሆን ታዟል። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሳችሁ አንብቡ፣ ጸልዩም። አንዳንዴም ልጆቹ በሚጫወቱበት ክፍል መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ተቀመጡ፤ አባት ወይም እናት ማንም ሳያስገድዳቸው ሲያነቡ ማየት ለልጅ ብዙ ይናገራል።

አራቱንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። አንዱን ምረጡና እስኪለመድ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት በእርሱ ብቻ ቆዩ።

ለብዙ ቤተሰብ ቀላሉ የመኝታ ሰዓት ነው፤ ልጅ ተረጋግቶ ወላጁን ለብቻው የሚያገኝበት ጊዜ ስለሆነ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ደቂቃም ብዙ ነው። ስልኩን ከክፍሉ አውጡ። አንድ አጭር ታሪክ አንብቡ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጸልዩ፣ ከዚያ እጃችሁን በራሱ ላይ ጭናችሁ በዘኍልቍ 6፥24–26 ባለው ቡራኬ ባርኩት። ከየት እንጀምር ለምትሉ የማርቆስ ወንጌል ጥሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ያለውና በአጫጭር ክስተቶች የተሞላ ነው። ትንንሾቹ ትናንት የሰሙትን ዛሬም ድገሙልን ካሉ ድገሙላቸው፤ የሚማሩት በመደጋገም ነው።

ጥያቄው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ታሪኩ እንዳለቀ «ስለዚህ አንተስ ምን ማድረግ አለብህ?» ማለት ይቀናናል። እንዲህ ከተለመደ ዳዊት የጀግንነት፣ ዮናስ ያለመታዘዝ ምሳሌ ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ ልጁም ክርስትና ማለት ጥሩ ልጅ መሆን ነው ብሎ ያድጋል። አስቀድማችሁ «እዚህ ላይ እግዚአብሔር ምን አደረገ?» በሉ። የዮናስ መጽሐፍ በዚህ ጥያቄ ሲነበብ ለነነዌ ሰዎችም፣ ለተቆጣው ነቢይም የራራው አምላክ ጎልቶ ይታያል።

የማዕድ ጸሎት አጭር ይሁን፣ በተራም ይድረስ። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቀን ያመሰገነበትን አንድ ነገር ብቻ ይናገር። ጸሎትን የተግሣጽ መንገድ አታድርጉት። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ እህቱን መምታት እንዲያቆም እርዳው» የሚል ጸሎት ልጁን በሰው ፊት መክሰስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዐይኑን ጨፍኖ የሚጠብቀው ክስ ይሆናል።

መንገድ ላይ ብዙ አትናገሩ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዐይን ለዐይን መተያየት ስለሌለ፣ ልጆች፣ በተለይ ከ12 ዓመት በላይ ያሉት፣ ፊት ለፊት የማያነሡትን ያነሣሉ። የእናንተ ድርሻ መስማት ነው። የአምቡላንስ ድምፅ ከሰማችሁ «ጌታ ሆይ፣ በውስጡ ያለውን ሰው እርዳ» ብላችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ጎረምሳ ልጅን ጮክ ብለህ ጸልይ ብላችሁ አታስገድዱት።

ጥፋት በተፈጠረ ጊዜ የሚደረገው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ ወንጌል ለልጁ እውነት መሆኑ የሚፈተነው እዚህ ነውና። ንዴቱ ሳይበርድ ስለ እግዚአብሔር አትናገሩ። ሲረጋጋ ድርጊቱን በስሙ ጥሩት፦ «ዋሸህ»፣ «መታሃት»። «አንተ ውሸታም» ግን አትበሉት፤ ያ ጥፋቱን ማንነቱ ያደርገዋል። ይቅርታ ሲጠይቅ «ምንም አይደለም» ብላችሁ አትለፉት፤ ምንም ካልሆነ ይቅርታ አያስፈልግም ነበር። «ልክ አልነበረም፤ ይቅር ብዬሃለሁ» በሉት። ከዚያ የሰበረውን ይጠግን፣ የወሰደውን ይመልስ፤ ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃስ 19፥8)። «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ፈጥኖ ጸጥ ያሰኛል፤ የሚያስተምረው ግን መደበቅን ነው። ጥቅስ መሸምደድንም ቅጣት አታድርጉት፤ ቃሉን እንዲጠላው ታደርጉታላችሁ።

ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁም መንገዱ ያው ነው። «ጮኼብሃለሁ፤ ትክክል አልነበርኩም፤ ይቅር በለኝ» በሉና እዚያ ላይ አቁሙ። «አንተም ግን አናደድከኝ» የምትለው ጭማሪ ይቅርታውን ታጠፋዋለች።

ከባድ ጥያቄዎች ሳይታሰቡ ይመጣሉ። አያት ሲሞቱ ለትንሽ ልጅ «ተኝተው ነው» ከተባለ መተኛት ሊፈራ ይችላል፤ «እግዚአብሔር ወሰዳቸው» ብቻ ከተባለ ደግሞ ነገ እኔን ይወስደኛል ብሎ ይሰጋል። በግልጽ ተናገሩ፦ ሰውነታቸው መሥራት አቁሟል፤ ሞተዋል፤ እኛ እናዝናለን፤ ኢየሱስ ከሞት ስለ ተነሣ ሙታን እንደሚነሡ እናምናለን። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ኢየሱስ ወደ መቃብሩ ከመድረሱ በፊት ማልቀሱን (ዮሐንስ 11፥35) ንገሩት፤ ማልቀስ እምነት ማጣት እንዳልሆነ ይገባዋል። የማታውቁት ሲመጣ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉ፤ ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሱበት፤ አለዚያ ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

«ጸለይኩ፤ አልሆነም» ለሚል ልጅ የጸሎት ደብተር ይጠቅማል። ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ ቀን፣ የለመንነው፣ የሆነው። ያልሆነውም ይጻፍ። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ ሥቃዩ አልተወገደለትም፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2 ቆሮንቶስ 12፥8–9)። ስለዚህ «ከጸለይክ ይሆንልሃል» ብላችሁ ቃል አትግቡለት።

ማንበብ ለጀመሩ ልጆች መዝሙር 23 ለቃል ጥናት ተስማሚ ነው፤ ስድስት ቁጥር ስላለው በሳምንት አንድ ቁጥር ብትይዙ በስድስት ሳምንት ያልቃል። ጠዋት ልብስ ሲለብሱ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ በሉት። እናንተም አብራችሁ ያዙት። ያመለጠ ቀን ካለ ለማካካስ እጥፍ አታድርጉ፤ ከቆማችሁበት ቀጥሉ።