ሦስት ማዳበሪያ፣ አንድ ማነጻጸሪያ፦ የዱኔት ወሳኝ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ሦስት ዓይነት ማዳበሪያ በጤፍ ላይ ሞክረው፣ እያንዳንዱን ምንም ካልተጨመረበት መደብ ጋር ሊያወዳድሩ ነው እንበል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሦስት የቲ ፈተና (ሁለት አማካዮችን ብቻ የሚያወዳድር ፈተና) ይሠራል። አንዱ ፈተና 5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ካለው ግን፣ ሦስት የማይገናኙ ፈተናዎች ቢያንስ አንድ የሌለ ልዩነት «አለ» የሚሉበት ዕድል 14 በመቶ ያህል ነው። እዚህ ሦስቱም የሚለኩት ከአንድ ማነጻጸሪያ ጋር ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ቢልም፣ ከ5 በእጅጉ ይበልጣል።

ለዚህ መላ ያበጀው ካናዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ቻርልስ ዱኔት ነው። ዘዴውን ከነሠንጠረዡ በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1964 ደግሞ ሠንጠረዡን አስፋፋው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሦስቱ ልዩነቶች ትልቁ እንኳ በዕድል ብቻ ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ የሚያልፈውን አንድ ወሰን መፈለግ።

በመጀመሪያ የነጻነት ደረጃውን፣ ማለትም ስህተቱን ለመገመት የሚቀረውን ነጻ መረጃ ብዛት፣ ያግኙ። አራቱ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው 5 መደብ በዕጣ ደርሷቸው ከሆነ፣ 20 መደብ ሲቀነስ 4፣ 16 ይሆናል። ሙከራው በአምስት ብሎክ (አራቱም ዓይነቶች በተመሳሳይ መሬት ላይ ጎን ለጎን የሚዘሩበት ክፍል) ተከፋፍሎ ከተዘራ ግን፣ ለብሎኮቹ ሌላ 4 ስለሚቀነስ 12 ነው። ብሎኩን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የልዩነቱን መደበኛ ስህተት፣ ማለትም የሁለት አማካዮች ልዩነት በዕድል ብቻ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ፣ ያስሉ። ከቫሪያንስ ትንተናው የተገኘው የስህተት ቫሪያንስ (አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ባገኙ መደቦች መካከል ያለው የምርት መለያየት መለኪያ) 4 ነው እንበል (የምርቱን ቁጥሮች ለማሳያ ያህል የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ)። 2 በ4 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 1.6፤ ዳግም ዘሩ 1.265 ኩንታል ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። ለሁለት አቅጣጫ ፈተና (ጭማሪንም ቅናሽንም ለሚፈትሽ)፣ በ5 በመቶ፣ በ16 የነጻነት ደረጃ፣ ለሦስት ማዳበሪያ የሚገኘው ወሳኝ ዋጋ 2.59 ነው። ተራው የቲ ዋጋ 2.12 ነበር። የዓምዱን ርዕስ ሳያነቡ ቁጥር አይውሰዱ፤ አንዳንድ ሠንጠረዦች ማነጻጸሪያውን ጨምረው ስለሚቆጥሩ ሦስት ማዳበሪያ «4» በሚለው ዓምድ ሥር ሊገኝ ይችላል።

2.59 በ1.265 ሲባዛ 3.28 ኩንታል ይመጣል፤ የምንፈልገው ወሰን ይህ ነው። ማነጻጸሪያው በሄክታር 12 ኩንታል ሰጥቶ፣ ማዳበሪያዎቹ 14.9፣ 15.6 እና 13.1 ቢሰጡ፣ ልዩነቶቹ 2.9፣ 3.6 እና 1.1 ናቸው። ወሰኑን ያለፈው ሁለተኛው ብቻ ነው። በተራው የቲ ወሰን፣ ማለትም በ2.68፣ የመጀመሪያውም ያልፍ ነበር።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ነው፤ የሰውየው ፈተና ማለቴ ነው። የአንድ አቅጣጫ ዋጋ 2.23 ስለሆነ ወሰኑ ወደ 2.82 ይወርድና የ2.9 ኩንታሉ ማዳበሪያ «ያልፋል»። ማዳበሪያው ምርት መጨመሩን ብቻ እንደሚፈትሹ ከመዝራትዎ በፊት ጽፈው ከሆነ ይጠቀሙበት። ውጤቱን ካዩ በኋላ አቅጣጫ መምረጥ ግን ማጭበርበር ነው።

ሠንጠረዥ ከሌለዎት ወይም የመደቦቹ ቁጥር እኩል ካልሆነ፣ ወሳኙን ዋጋ በኤክሴልም ቢሆን ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። በአንድ ረድፍ ላይ አማካያቸው 0፣ መደበኛ ልይይታቸው 1 የሆኑ አራት የኖርማል ቁጥሮችን በዕጣ ያውጡ፤ የመጀመሪያው ማነጻጸሪያው ነው። እያንዳንዱን በመደቦቹ ብዛት ዳግም ዘር ያካፍሉ። ማነጻጸሪያውን ከሦስቱ ይቀንሱና፣ እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ መደበኛ ስህተት ያካፍሉ፤ ይህም አንድ ለማዳበሪያው መደቦች ብዛት ተካፍሎ፣ አንድ ለማነጻጸሪያው መደቦች ብዛት ተካፍሎ፣ የሁለቱ ድምር ዳግም ዘር ነው። ከዚያ የነጻነት ደረጃውን ያህል፣ ሌሎች 16 የኖርማል ቁጥሮች አውጥተው፣ የካሬዎቻቸውን አማካይ ዳግም ዘር ያግኙና ሦስቱንም በእርሱ ያካፍሉ። ይህ እርምጃ ከተዘለለ የሚወጣው በሠንጠረዡ መጨረሻ ያለው፣ የነጻነት ደረጃው ወሰን አልባ የሆነበት 2.35 ነው። በመጨረሻ የመቀነስ ምልክቱን ትተው ከሦስቱ ትልቁን ይመዝግቡ።

ይህን 100,000 ጊዜ ደግመው የተመዘገቡትን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድሩ፣ 95 በመቶው ላይ የሚቆመው ቁጥር የሚፈለገው ነው። ለእኩል መደቦች 2.59 አካባቢ ማረፍ አለበት። በ1,000 ድግግሞሽ ሁለተኛዋ የነጥብ አሃዝ ቀርቶ የመጀመሪያዋም ልትዋዥቅ ትችላለች።

ይህን ስሌት ከመዝራትዎ በፊትም ይሞክሩት። 20ዎቹን መደቦች አምስት አምስት ከማከፋፈል ይልቅ ለማነጻጸሪያው 8፣ ለየማዳበሪያው 4 ቢሰጡ መደበኛ ስህተቱ ከ1.265 ወደ 1.225 ይወርዳል። ወሳኙ ዋጋ በጥቂቱ ከፍ ቢልም፣ ብዜቱ ከ3.28 ያነሰ ነው።