ከሕፃን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ዲዝኒ ወርልድ ለምትሄዱ

ፍሎሪዳ የሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ መግቢያ አያስከፍልም፤ ከቻላችሁ 3 ሳይሞላው ሂዱ።

ከሁሉም በላይ «ራይደር ስዊች» የሚባለውን አትርሱ። የልጁ ቁመት ለማይበቃበት መጫወቻ፣ ሳትሰለፉ በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ ልጁን አሳይታችሁ ጠይቁ። አንዱ ወላጅ ተሰልፎ ሲገባ ሌላው ከልጁ ጋር ውጭ ይቆያል። ከዚያ ትቀያየራላችሁ፤ ሁለተኛው በአጭሩ መስመር ስለሚገባ ረጅሙን ሰልፍ እንደገና አይሰለፍም። ቁመቱን ቤት ለኩት። የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር ለምሳሌ 97 ሳንቲሜትር ይጠይቃል፤ በር ላይ ደርሶ የተመለሰ ልጅን ማባበል ከባድ ነው።

ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሳንቲሜትር የበለጠ የልጅ ጋሪ አያስገቡም፤ የሚጎተት ዋገንም ክልክል ነው። ውጭ ያቆማችሁትን ጋሪ ሠራተኞች ቦታ ሊያዛውሩት ይችላሉ። በመቶ ከሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጋሪዎች መሃል እንዲለይ እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ገንዘብና ስልክ ግን አትተዉበት።

ልጁ የለመደውን ምግብ ያዙለት፣ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ከሕፃን ምግብ ብልቃጥ በቀር የመስታወት ዕቃ ግን አይገባም። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ዋናው መንገድ መጨረሻ ላይ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ጡት ማጥቢያና ምግብ ማሞቂያ ያለው የሕፃናት ክፍል አለ።

በፍሎሪዳ ሞቃታማ ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ የውጭ መጫወቻዎች ይቆማሉ። በር ሲከፈት ግቡ፣ እኩለ ቀን ላይ ወጥታችሁ አስተኙት፣ ሲመሽ ተመለሱ።