ሀመሩ አልታዘዝ ሲል፦ ያገለገለ ኤክስካቫተር ላይ የአታችመንት ኤሌክትሮኒክስ ችግርና መፍትሄ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካባ (ድንጋይ ማውጫ) ላይ የምትሠሩ ይሄን ታውቁታላችሁ። ያገለገለው ኤክስካቫተር በባኬት ሲሠራ ምንም አይልም፤ ሞተሩ ደህና፣ ፓምፑ ደህና። አታችመንት (ክንዱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ተቀያሪ መሣሪያ)፣ ለምሳሌ ድንጋይ የሚሰብረው ሀመር፣ ሲገጠምለት ግን ሞኒተሩ ላይ ምልክት አብርቶ ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ ይመጣና «ኮንትሮለሩ (የማሽኑ ኮምፒውተር) ሞቷል፣ ቀይረው» ይላል። ኧረ ቆይ! ኮንትሮለር በጣም ውድ ነው፣ አንዳንዱም በላፕቶፕ ከማሽኑ ጋር ካልተዋወቀ አይሠራም። ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ፣ ሶኬት ወይም ግራውንድ (ወደ ባትሪ ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር) ላይ ነው። መጀመሪያ መልቲሜትር (የቮልትና የኦም መለኪያ) ይውጣ።

በእርግጥ የግንኙነት ችግር ነው?

ብዙ ማሽን ላይ የሀመሩ መስመር በኋላ የተጨመረ ነው። ቁልፍ ወይም ፔዳል፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ሶሌኖይድ (ዘይቱን የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ቫልቭ)፣ አለቀ። እንዲህ ከሆነ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራ ነገር ስለሌለ ኮድ (ሞኒተሩ ላይ የሚወጣ የብልሽት ቁጥር) ፍለጋ አትድከሙ። ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ ቁልፉ ሲጫን ሶሌኖይዱ ሶኬት ላይ 24 ቮልት መድረሱን ለኩ። ደርሶ ካልሠራ የኮይሉን (የውስጡን የሽቦ ጥቅል) ኦም ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሶሌኖይድ ጋር አወዳድሩ። ፕሮፖርሽናል የሚባለው፣ በሚደርሰው ኃይል ልክ የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ ግን 24 አትጠብቁ፤ ኮንትሮለሩ ኃይሉን እየቆራረጠ ስለሚልክ ሜትሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያሳየው።

ሞኒተሩ ላይ የተመረጠውን የሥራ ሞድም እዩ። ኮማትሱ ፒሲ200-8 ላይ ለሀመር የተመደበው ቢ ሞድ ነው። ይሄ ተረስቶ መካኒክ ከአዲስ አበባ ድረስ ሲጠራ ያሳዝናል።

ኮድ ካለ ደግሞ ሙሉውን ጻፉት። ጄ1939 በሚባለው የግንኙነት ሥርዓት ኮዱ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የቱ ዕቃ እንደሆነ፣ ሁለተኛው (ኤፍኤምአይ የሚባለው) ምን እንደሆነ ይናገራል። ኤፍኤምአይ 3፣ 4፣ 5 ወይም 6 ከሆነ ብዙ ጊዜ የዚያው ዕቃ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሾርት ነው። 9 ወይም 19 ከሆነ መልእክቱ በሰዓቱ አልደረሰም ወይም ተበላሽቶ ደርሷል፤ የኛ ጉዳይ ይሄኛው ነው። የራሳቸውን ኮድ የሚጠቀሙ አምራቾችም ስላሉ የማሽኑን ማንዋል ያዙ።

ምልክት፦ ኮዱ ሁልጊዜ አለ፣ አታችመንቱ ጭራሽ አይሠራም

ኮንትሮለሮቹ የሚነጋገሩት ካን በሚባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ አንድ አንድ 120 ኦም ሬዚስተር አለ። ባትሪውን ነቅላችሁ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ስትለኩ 60 ኦም አካባቢ መምጣት አለበት። አንዳንድ ማሽን ከአንድ በላይ የካን መስመር አለው፣ ስለዚህ ወደ አታችመንቱ የሚሄደውን መለካታችሁን አረጋግጡ።

60 ከመጣ ሁለቱ ጫፎች ደህና ናቸው። 40 ከመጣ አንድ ሰው ሦስተኛ ሬዚስተር ጨምሯል፣ ፈልጋችሁ አውጡት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ወይም አንድ ሞጁል (መስመሩ ላይ ካሉት ኮንትሮለሮች አንዱ) ውስጡ ተቃጥሏል። ያኔ ሜትሩን እንደተሰካ ትታችሁ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የነቀላችሁት እሱ ነው ጥፋተኛው። ምንም ካልተለወጠ ሽቦውን ተከተሉ።

120 ሲመጣ ነው ያገለገለ ማሽን ታሪኩን የሚናገረው። አንደኛው ሬዚስተር ጠፍቷል ወይም መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። ከውጭ የሚመጡ አንዳንድ ማሽኖች የሚሽከረከር ባኬት ወይም ሌላ ኤሌክትሮኒክ አታችመንት የነበራቸው ናቸው። ሻጩ አታችመንቱን ከነሞጁሉ ፈትቶ ለብቻ ይሸጠዋል፣ ጫፍ ላይ የነበረው ሬዚስተርም አብሮ ይሄዳል። ሶኬቱ ባዶውን ቦሙ (ትልቁ ክንድ) ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። እዚያ ሁለቱ የካን ፒኖች መካከል 120 ኦም መግጠም ነው፤ ተርሚኔተር ሶኬት ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ተራ ሬዚስተር፣ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ አይጠፋም፣ ውሃ እንዳይገባው በደንብ ይታሸግ። ከዚህም በኋላ ኮምፒውተሩ የተፈታውን ሞጁል እየጠበቀ ኮድ ከሰጠ በላፕቶፕ ከዝርዝሩ ማስወጣት ብቻ ነው መፍትሄው። ለዚህ አንድም ዕቃ አይገዛም።

ምልክት፦ ይመጣል፣ ይሄዳል

ቦም ሲነሳ ይጠፋል፣ ሲወርድ ይመለሳል? ቦሙ ሥር የሚታጠፈውን ገመድ ያዙ። ፕላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ድንጋይ ሲወቃ የሚውል ሀመር ደግሞ መንቀጥቀጡ የሶኬት ፒን ያላላል። ኦፕሬተሩ ሞኒተሩን እያየ ሌላ ሰው ሞተሩ በጠፋበት፣ ቁልፉ ኦን እንደሆነ፣ ባኬቱ መሬት አርፎ ገመዱን ያወዛውዝ። የተበጠሰውን ቆርጣችሁ አዲስ ሽቦ ስትቀጥሉ ሁለቱን አጠማዝዛችሁ ይሁን። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የሳምንት ሥራ ነው፤ በደንብ ተጨምቆ ወይም ተበይዶ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ይሸፈን።

ምልክት፦ ጠዋት ጠዋት ብቻ

ደብረ ብርሃን ላይ ወይም ጣርማበር ጭጋግ ውስጥ ያደረ ማሽን ጠዋት ኮድ አውጥቶ ረፋዱ ላይ ይተወዋል፣ በሎቤድ (ማሽን ጫኝ መኪና) ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ደግሞ ጭራሽ ይረሳዋል። ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ባትሪ ነው፤ በብርድ ሲነሳ ቮልቴጁ በጣም ከወረደ ኮንትሮለሩ ጠፍቶ ይነሳል። ሞተሩ ሲሽከረከር ለኩ፣ ከተነሳ በኋላም 27 እስከ 28 ቮልት ገደማ እየሞላ መሆኑን እዩ። ለሬዲዮ ብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት የቀጠለ ካለ ንቀሉት፤ ሁለቱን ባትሪዎች ያለያያል። ሌላው ሶኬት ውስጥ የገባ እርጥበት ነው፣ በተለይ ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ከታጠበ። ክፈቱ፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ክሊነር አጽዱ፣ የጎማ ማሸጊያውን እዩ። በቤንዚን አትጠቡ፣ ጎማውን ያበላሸዋል።

ምልክት፦ አምስት ስድስት ኮድ በአንዴ

ስድስት ዕቃ በአንድ ቀን አይበላሽም። የጋራ ግራውንድ ወይም የጋራ ኃይል ፈልጉ። ማሽኑ እየሠራ የሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮንትሮለሩ ግራውንድ ፒን ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱን ፈትታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፍቃችሁ እሰሩ።

ኮዶቹ የጀመሩት የባኬት ጥርስ ከተበየደ ማግስት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ባትሪው ሳይነቀል መበየድ ኮንትሮለር ሊገድል ይችላል። ካባ ላይ ማንም ለዚህ ጊዜ የለውም፣ በኋላ ግን ሳምንት ሙሉ ቆሞ ለመዋል ጊዜ አለ።

ኮንትሮለሩን የምትፈርዱበት ኃይሉ ደርሶት፣ ግራውንዱ ጸድቶ፣ መስመሩ 60 ኦም ሆኖ፣ ቁልፉ ኦን ሲሆን ሁለቱ የካን ሽቦዎች 2.5 ቮልት አካባቢ እያሳዩ፣ ሌሎቹ ሞጁሎች እየተነጋገሩ እሱ ብቻ ዝም ሲል ነው። ያኔ ከመፍታታችሁ በፊት ላዩ ላይ ያለውን የፓርት ቁጥርና ሞኒተሩ የሚያሳየውን የሶፍትዌር ቁጥር ፎቶ አንሱ። መልኩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለያየ ቦክስ ብትገዙ ሶኬቱ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ላያውቀው ይችላል።